የእማሆይ ክር

ይህን ለነፍስ አባቴ አልነገርሁም። ለባሌም፣ ለልጆቼም አልነገርሁም። ጾም የገደፍሁትን፣ ጎረቤት ያማሁትን እየለቃቀምሁ ስናዘዝ አርጅቻለሁ፤ ይህችን ግን ምላሴ ላይ አድርሼ እመልሳታለሁ። ለናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ድፍረት አይደለም።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል እሠራ ነበር። አባቴ የዘጌ ቄስ ነበሩ፤ ስለዚህ በፋብሪካውም በሰፈሩም ስሜ «የቄስ ልጅ» ነው። ከጎኔ ባለው የመፍተያ መኪና ላይ ብርቱካን የምትባል የይፋግ ልጅ ትሠራለች፤ ሳቂታ፣ ለሰው የምትሮጥ። ባሏ ገመቹ ከወለጋ የመጣ መካኒክ ነው። ሁለቱም ሰው «ጴንጤ» የሚላቸው ዓይነት ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ በየቤቱ ተደብቀው ነው የሚጸልዩት፤ ጎረቤት እንኳ አያውቅባቸውም።

እኔ አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻ? አብሬ ዘምሬአለሁ። መኪናው ሲጮኽ አጠገብሽ ያለ ሰው ድምፅ አይሰማም፤ ብርቱካን በዚያ ጩኸት መካከል አፏን ሞልታ ትዘምራለች፣ እኔ ከንፈሯን እያየሁ እከተላታለሁ። ኋላ ቤቷም ሄድሁ። ሬዲዮው የአብዮት መዝሙር ከፍ አድርጎ ይለቃል፣ እኛ ከሥሩ በሹክሹክታ የራሳችንን እንዘምራለን። እሷ ማተቧን ፈትታለች፤ አንገቷ ድረስ የሚቆለፍ ሹራብ ስለምትለብስ ማንም ልብ አላለም። እኔ አልፈታሁም። በሁለት ቢላ እበላ ነበር። ደስታው ግን እውነት ነበር፤ ይህን አልክድም፤ የካድሁት ይበቃኛል።

ብርቱካን በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈ። እናቷ ከይፋግ በጭነት መኪና ደርሰው፣ ደረታቸውን እየደቁ አንድ ነገር ብቻ ይለምኑ ነበር፤ ልጄን ከቤተ ክርስቲያን አፈር አግቡልኝ። ያን ጊዜ ጴንጤ መሆኑ የታወቀ ሰው ከደብሩ ግቢ አይቀበርም፤ ሌላ መቃብር ደግሞ የላቸውም። ገመቹ ለአማቱ ሲል እሺ አለ።

ሬሳዋን ያጠብነው እኔና እማሆይ ነን። እማሆይ ጎረቤታችን መነኩሲት ናቸው፤ ብርቱካን ከሥራ ስትመለስ ውሃ ትቀዳላቸው ነበር። አንገቷ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ባዶ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ከራሳቸው ነጠላ ጫፍ አንዲት ክር መዘዙ፣ አከረሯት፣ አንገቷ ላይ አሰሩና ቋጠሮውን ሳሙት።

«ስንት እንስራ ውሃ ተሸክማልኛለች፤ እኔ አንዲት ክር ልንሳት?» አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ቄሱ ነፍስ አባቷ ማን እንደሆኑ ጠየቁ። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። እማሆይ ማተቧ አንገቷ ላይ ነው፣ እኔ በእጄ ገንዣታለሁ አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ነበር። የእድሩ ዳኛ ግን በቀበሌውም ሹም ነውና፣ በዚህ ቤት የሚሰበሰቡ ሰዎች እንዳሉ ይወራል፣ እነማን እንደሆኑም ይደረስበታል አለና ለቀስተኛውን ዞር ዞር ብሎ አየ። እኔን ለይቶ አይቶኝ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ማንም ስሜን አልጠራም። ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ተነሣሁ። እኔ አፌን ከፈትሁ።

«ክሩ አሁን የታሰረላት ነው፤ ከሞተች በኋላ» አልሁ።

የቄስ ልጅ አትዋሽም፤ አመኑኝ። ደግሞም አልዋሸሁም። በሕይወቴ ከተናገርሁት እውነት ሁሉ እንደዚያ የከፋ የለም።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ሄዱ። እድርተኛው ቃሬዛውን ትቶ ወጣ። እናቷ እግሬ ላይ ወድቀው «አንችው ነሽ የምታውቂያት፤ ተሳስቻለሁ በይልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። እግሬን ከእጃቸው አስለቀቅሁ። ገመቹና ጥቂት ሰዎች ተሸክመው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአባይ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቀበሯት። ከሰፈራችን የተከተሏቸው እማሆይ ብቻ ናቸው።

እማሆይ ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆሙ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ያንችን ክር አጥብቀሽ እሰሪው፣ ልጄ» አሉኝና ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ገመቹ ታሰረ። ቤትህ ማን ማን ይመጣ ነበር እየተባለ ተገረፈ። የእኔን ስም ቢሰጥ ምናልባት ይቀልለት ነበር። አልሰጠም። እያነከሰ ወጥቶ ወደ አገሩ ሄደ፤ ደግሜ አላየሁትም።

ፈርቼ ነው ልበል? እማሆይስ ነፍስ የላቸውም ነበር? ልጅነት ነው ልበል? ብርቱካን እኮ በዕድሜ ታንሰኝ ነበር። ለማንስ ልናዘዝ? ነፍስ አባቴ «ሃይማኖትሽን ጠበቅሽ» ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። የብርቱካን ወገኖች ዛሬ በግላጭ ሰፊ አዳራሽ አላቸው፤ መዝሙራቸው ሐይቁ ድረስ ይሰማል። እነሱ ደግሞ ጌታ ይቅር ብሎሻል ብለው ያቅፉኛል። አንዱ በደሌን ያመሰግንልኛል፣ ሌላው ያቀልልኛል፤ ሁለቱንም አልፈልግም።

መቃብሯን ፈልጌአለሁ። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ቤት ተሠርቶበታል። እናቷም ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

እኔ ስሞት ገናዦቼ ማተቤን ካንገቴ ያገኙታል። ቄስ ይመጣል፣ ፍትሐት ይደረግልኛል፣ በጀልባ ወደ ዘጌ ተወስጄ ከአባቴ አጠገብ እቀበራለሁ። ስለዚህች ሴት የማውቀው አለኝ ብሎ ከለቀስተኛው መካከል የሚነሣ አይኖርም፤ የሚያውቅ የለማ። አሁን ግን እናንተ አላችሁ። ያን ቀን ምናልባት እዚያ ብትገኙና ብታውቁኝ፣ ዝም አትበሉ።