ሙቀት የማይበግረው ወይን

ሁሉም የተጀመረው በአንድ የግንቦት እሑድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ዛሬም የተቆረጠ የወይን ሐረግ ሽታ ኮምጠጥ ብሎ ሲመጣብኝ፣ ፍኖተ ሰላም ያለው ጓሯችን ፊቴ ድቅን ይላል።

ወይኑን ያመጣው በእርሻ ባለሙያነት ይሠራ የነበረው አባቴ ነው፤ ሙቀት የሚችል፣ ለመብልም ለወይን ጠጅም የሚሆን ዝርያ። በመጋቢት ሐሩር ጎመኑ ሲጠወልግ፣ ወይኑ ቅጠሉን እንዳለመለመ ዘለላውን ያጠቁር ነበር። እናቴ የመጀመሪያዎቹን ዘለላዎች በሰፌድ አድርቃ ለቁርባን የሚሆን ዘቢብ ታዘጋጅ ነበር፤ ያ ለቤተ ክርስቲያን ሳይሰጥ አንዲት ፍሬ መቅመስ በቤታችን ነውር ነበር። አባቴ ሽንዲ ተመድቦ ከሄደ በኋላ መግረዙንም ማጠጣቱንም እሷ ያዘችው።

በዚያ እሑድ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣና ሐረጉን በዱላው ነካ ነካ አደረገው።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ጓሮ ሁሉ ድንች ይተከልበት ተብሏል። እርስዎ ለቄስ ወይን ያበቅላሉ። አብዮቱ የሚፈልገው ድንች ነው።»

«አብዮቱ በራበው ቁጥር የኔን ጓሮ ነው የሚያየው?» አለችው እናቴ።

አንደኛው ጠባቂ ሳቁን ዋጠ። ሊቀ መንበሩ ግን «ነገ በጠዋት በዶማ ይነቀላል» ብሎ ወጣ።

እናቴ አላለቀሰችም። የአባቴን መግረዣ መቀስ አንሥታ፣ ሐረጉን በየቁራጩ ሦስት ሦስት አንጓ እያስቀረች ለተከላ ቆራርጣ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለችና ጎረቤቶቻችንን እንድጠራ ላከችኝ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምደበቅ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን የሁሉንም በር አንኳኳሁ። ሴቶቹ እየመጡ ቁራጮቹን በነጠላቸው ሥር ይዘው ሄዱ። የሊቀ መንበሩ ሚስት ሳይቀሩ ሁለት ወስደው፣ «ከኔ ጓሮ ማን ደፍሮ ይነቅለዋል?» ብለው ሴቶቹን አሳቋቸው።

በማግስቱ ዶማ የያዙት ሰዎች በጠዋት መጡ። እናቴ እጇን አጣምራ ቆማ፣ «ጠለቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ፤ ለድንቹ ይመቸኛል» ትላቸው ነበር።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ በስብሰባ መሃል እጄን ለማውጣት ሦስት ጊዜ የማስብ ሰው ነኝ። ያን ጠዋት ግን ማንንም አላስፈቀድኩም፤ የቀረችውን አንዲት ቁራጭ ከደብተሬ መሃል ይዤ ወጣሁ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ተንበርክኬ ዝናብ ያራሰውን አፈር በጣቴ ቆፈርኩ፣ ተከልኳት፣ ዙሪያዋን ረገጥ ረገጥ አደረግሁና ትምህርት ቤት ገባሁ።