የዳዊቱ መጨረሻ ገጽ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጋይንት ላይ። ባሌ ቁም ጸሐፊ ነበር። እሱ ብራናውን ሲፍቅ እኔ ከጥላሸትና ከተቆላ ገብስ ቀለሙን አበጃለሁ፤ እስኪበስል ወራት እያማሰልኩ። ለደብራችን የሚጽፈው ዳዊት አንድ ገጽ ሲቀረው፣ አንድ ቀን ጠዋት ራሱን ወጋውና ጋደም አለ። ሲነሳ አፉ ደህና፣ ዓይኑ ደህና። ብዕሩን ነክሮ "ሀ"ን ሊጽፍ ቢሞክር ግን ዶሮ የጫረችው አፈር መሰለ።

"ይህ የኔ እጅ አይደለም" አለና ብዕሩን አስቀመጠ።

ሌላው ሁሉ ይሆንለታል። ያነባል፣ ያዜማል፣ ብራናውን በወስፌ ቀጥ አድርጎ ያሰምራል። ጉዱ የመጣው በዚሁ ነው። ካህናቱ መስመሩን አይተው "እጁ ምንም አልሆነም፤ የታመመው ልቡ ነው። ለሌላ ደብር ሊጽፍ አስቦ ነው" አሉ። እግዜር ይይላቸው! ጠበል ከርመን ስንመለስ እንኳ እግዜር ይማርህ እያሉ ዓይናቸው እጁ ላይ ነበር።

እኔ ደግሞ የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ከእስቴ የመጣ አንድ መሪጌታ ነበር፤ እሱም ጸሐፊ። ባሌ ከመታመሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ብዕሩን ተውሶ መልሶለታል። ምን አድርጎበት እንደመለሰው ማን ያውቃል? ብዕሩን እሳት ውስጥ ከተትኩት። ባሌ ግን ምንም አልተሻለው።

ይባስ ብሎ የደብሩ አለቃ ገጹን እንዲጨርስ ያንኑ ሰው ላኩብን! በኛ አገር ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ የክርስትና ስሙን መጨረሻው ላይ ያኖራል፤ ያነበበ ሁሉ በጸሎት ያስበዋል። ከሞተ በኋላ የሚቀርለት ዋጋው ይኸው ነው። ይህ ሰውዬ ታዲያ የባሌን ልፋት በራሱ ስም ሊቋጨው! እኔ እንደሆነ ፊደል አልቆጠርኩ።

"መሪጌታ፣ የማንን ስም ነው የሚጽፉት?" አልኩት።

"ባልሽ ያለኝን" ብሎ አቀረቀረ።

ባሌን ብጠይቀው ገጹን አየት አድርጎ "ልክ ነው፣ ተይው" አለኝ። ተይው ሲሉኝ መቼም አልወድም። ይሉኝታ ይዞት ስሙን ለቀቀለት ብዬ አንጀቴ አረረ።

ባሌ በዓመቱ አረፈ። በአርባው ዳዊቱ ሲደገም ያ መሪጌታም ከካህናቱ ጋር ተቀምጧል። ሰው ፊት ላጋልጠው ቆርጬ አንዱን ዲያቆን "እስቲ መጨረሻውን ገጽ ጮክ ብለህ አንብብልኝ" አልኩት። አነበበው። የባሌ ስም የለም። የመሪጌታውም የለም። ከንስሐ አባቴና ከባሌ በቀር ማንም የማይጠራኝበት የክርስትና ስሜ ነበር።

መሪጌታው ቀና አለ። "እኔስ 'ያንተን ስም ልጻፍ' ብዬ ለምኜው ነበር" አለኝ። "እምቢ አለ። 'እጄ ያልጨረሰውን የኔ ነው አልልም፤ ቀለሙ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሷ ነው። እሷን ጻፍ፤ እንዳትነግራት ብቻ፣ ትጣላኛለች' አለኝ።"

እውነቱን ነው፤ እጣላው ነበር። አሁን ማንን ልጣላ?