የደጃዝማቹ ማኅተም

ልጅ እያለሁ የትልልቅ ሰዎችን ማኅተምና ፊርማ እሰበስብ ነበር። የቡሬ እኩዮቼ ቆርኪና የከረሜላ ልጣጭ ሲያጠራቅሙ እኔ የመምህር ልጅ ነኝ ብዬ ከፍ ያለ ነገር አማረኝ። በአንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ውስጥ የዳይሬክተራችን ፊርማ ከአሮጌ ካርድ ላይ ተቆርጦ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበሩ ማኅተም ከማስታወቂያ ላይ ተገንጥሎ፣ ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኝ የመጣ አንድ ባለሥልጣን በእርሳስ የጫረልኝ ስም ሳይቀር በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ ነበር። ሙጫውን የማበጀው እኔው ነኝ። ሲያድር ይኮመጥጣል። ዛሬም ያ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ መስኮት እከፍታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባቴ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዱላውን ይዞ በቡሬ ዙሪያ ወዳለው ገጠር ይወጣና የድሮ ደብዳቤ አላቸው የተባሉ ሰዎችን ቤት ያንኳኳል። በኛ አገር ስንት ወረቀት በቆዳ ከረጢት ተቋጥሮ ከምሰሶ ላይ እንደተንጠለጠለ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንድ ራስ ለቅድመ አያት የጻፉት፣ አንድ ፊታውራሪ ስለ ርስት የላኩት። አባቴ አይገዛም፣ አያስቀርም። ለሳምንት ይዋስና በትልቅ መዝገብ ላይ በዚያ በሚያምር እጁ ገልብጦ፣ በእግሩ ሄዶ ይመልሳል። ከእያንዳንዱ ግልባጭ ሥር ዋናው ከእገሌ ዘንድ ይገኛል ብሎ ይጽፋል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እርሳሱን በምላጭ እቀርጽለታለሁ። እሱም እየጻፈ ያስተምረኛል፤ የድሮ ትልቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ብዕር አይጨብጥም፣ የእጅ ጽሕፈቱ የጸሐፊው ነው፣ የራሱ የሆነው ማኅተሙ ብቻ ነው ይለኛል። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ፤ ምነው ይህችን ትምህርት ባልሰማኋት።

ስመኝ የምትባል ልጅ ደግሞ ከእኛ ቤት ሆና ትማር ነበር። አገሯ ከቡሬ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ከእኔ ብዙ ትበልጣለች፤ እሑድ እሑድ በጉልበቶቿ መሀል አስቀምጣ ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ ስንቀሳቀስባት በማበጠሪያው አናቴን ቸብ ታደርገኛለች። ያሳደጓት አያቷ እማሆይ ትርንጎ ናቸው። አባቴ እኒያን ሴት ለማሳመን አንድ በጋ ሙሉ ተመላልሷል፤ ያላቸው ወረቀት አንድ ብቻ ነበርና።

የእማሆይ አባት በጠላት ጊዜ ከጣሊያን ሹሞች ጋር ሲበሉ ሲጠጡ ታይተው፣ ነጻነት ሳይመጣ ሞቱ። አገሬው ባንዳ አላቸው። ኋላ ግን የአካባቢው አርበኞች አለቃ የነበሩት ደጃዝማች፣ ያኔ ልጃገረድ ለነበሩት ለእማሆይ ደብዳቤ ላኩላቸው። አባትሽ ከጠላት ዘንድ የተቀመጠው በእኔ ትእዛዝ ነው፣ የውስጥ አርበኛዬ ነበር ይላል። ከራስጌው ላይ ወይን ጠጅ ክብ ማኅተም ታትሞበታል። እማሆይ ማንበብ አይችሉም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ሆኖም ያ ስም በተነሣ ቁጥር ወረቀቱን ይዘረጉና ማኅተሙን በጣታቸው ያሳያሉ። ያኔ ሰው ዝም ይላል።

ደብዳቤው እኛ ቤት በሰነበተበት ሳምንት እኔ እህል አልበላ አለኝ። የደጃዝማች ማኅተም ነዋ! ከቀበሌው ሊቀ መንበር ፊት ለፊት ተለጥፎ ታየኝ። አባቴ ገልብጦ እንደጨረሰ አጥፊና ከከረጢቱ ክተቺልኝ ብሎኝ ወደ ስብሰባ ሄደ። ምላጬን አነሣሁና ዙሪያውን አራት ማዕዘን አድርጌ ቆረጥኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እንዲያውም ጥንቃቄዬ አኩርቶኝ ነበር። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል አልነካሁም። ጽሑፉን ለእማሆይ ትቼላቸዋለሁ፣ የደጃዝማቹን ድርሻ ብቻ ነው የወሰድኩት ብዬ አሰብኩ። ማኅተሙን ደብተሬ ላይ ለጥፌ ደብዳቤውን አጠፍኩት፣ ከተትኩት፣ አባቴም ከረጢቱን ሳይፈታ ቅዳሜ መለሰው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ለስመኝ ሽማግሌ ተላከ። ልጁን እሷም ትወደው ነበር፤ ፀጉሬን እየሠራች ስሙን ትጠራና ብቻዋን ትስቃለች። የልጁ ወገኖች ግን ዘር ሲያጣሩ ያ የባንዳ ወሬ ጆሯቸው ገብቷል። እማሆይ አልተጨነቁም። ወረቀት አለኝ፣ መምህሩ ያነብላችኋል ብለው አባቴን አስጠሩት። እኔም ስመኝን ላግዛት ብዬ ተከትዬ ሄድኩ። ደብተሬ በትከሻዬ ባነገትኩት ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ እሱን ትቼ የትም አልሄድም።

ሽማግሌዎቹ ከእማሆይ ደጅ ካለው ግራር ጥላ ሥር ተደርድረዋል። አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ሲዘረጋው በቀዳዳው ውስጥ የሸሚዙ ቁልፍ ታየኝ። ቦርሳዬን ወደ ጎኔ አስጠጋሁ። እሱ ቀዳዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ድምፁ ብቻ ቀጠነ። አንደኛው ሽማግሌ ማኅተሙስ የታለ ብለው ጠየቁ።

«እኔ ዘንድ ሳለ ነው የጠፋው» አለ አባቴ። «እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌው የመለሱለት በትሕትና ነው። የመምህሩን ቃል እንደሚያከብሩ፣ ነገር ግን ማኅተም የሌለውን ወረቀት ማንም ጽፎ ሊያመጣው እንደሚችል ተናገሩ። እማሆይ ወረቀቱን ተቀብለው ራስጌውን በጣታቸው ፈለጉ። ጣታቸው በቀዳዳው አለፈ። መለሱትና እንደገና ፈለጉ፣ እንደገና አለፈ። ቦርሳዬን ከፍቼ አምስት እርምጃ መራመድ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልተራመድኩም።

ሽማግሌዎቹ እንመለሳለን ብለው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ስመኝ ትምህርቷን ትታ አገሯ ገባች። መምህሩ ማኅተሙን ለፈረንጅ ሸጠው ተባለና ለአባቴ በሩን የሚከፍትለት ጠፋ፤ ቅዳሜን ቤት መዋል ጀመረ። ያን ሰሞን አንድ ጊዜ ብቻ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። እሺ አለ። ከዚያ ወዲያ ባወጣው እሱን በሽማግሌ ፊት ውሸታም የማደርገው መሰለኝ፣ ኋላ ደግሞ ጊዜው ያለፈ መሰለኝ። እማሆይ ሲያርፉ ሰምቼ ለቀብር አልሄድኩም። በምን ዓይኔ! ደብተሩን ግን አልጣልኩትም። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ከዕቃዬ ሁሉ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው፤ ልጆቼ ምንድን ነው ሲሉኝ የትምህርት ቤት ደብተር ነው እላቸዋለሁ። ስንት ጊዜ ማኅተሙ ያለበት ገጽ ላይ ስደርስ፣ የዚያች አሮጊት ጣት ከወረቀቱ ሥር ብቅ የምትል እየመሰለኝ ዘግቼዋለሁ።

አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ከአርባው በኋላ መዝገቡን ከሣጥኑ አውጥቼ ያን ገጽ ፈለግኩ። ከግልባጩ ሥር እንደ ልማዱ ጽፏል፤ «ዋናው ከእማሆይ ትርንጎ ዘንድ ይገኛል። ማኅተሙ ከልጄ ዘንድ ይገኛል።»

ያውቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በራሴ እጅ እስክመልሰው ጠብቆኛል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግሥቱ መዝገቡንና ደብተሩን ይዤ ከምኖርበት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ ወዲያ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግሬ ሄድኩ። ስመኝ በሩ ላይ እንዳየችኝ አወቀችኝ። ቆይታ ሌላ ሰው አግብታ ወልዳለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። አስቀመጠችኝና ሁሉንም ነገርኳት። ደብተሩን ከፍቼ ስሰጣት ማኅተሙን በጣቷ ነካችው። እማሆይ ደብዳቤውን አብራችሁ ቅበሩልኝ ብለው መናዘዛቸውን፣ እንዳሉትም መደረጉን ነገረችኝ።

«እዚያ ማኅተም የሚጠይቀኝ የለም ነው ያሉት» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ጠላ ቀዳችልኝ። ከቆየች በኋላ ያ የባንዳ ስም እስከ ዛሬ ከልጆቿ ላይ እንዳልወረደ ነገረችኝ።

«በይ ጻፊልኝ» አለች። «አንች እንደቆረጥሽው ጻፊና ፈርሚበት።»

ማኅተሙን ከደብተሬ አላቅቄ በአባቴ ግልባጭ ራስጌ ላይ ለጠፍኩት። ከሥር እኔ በልጅነቴ በምላጭ ቆርጬዋለሁ፣ እማሆይም አባቴም ንጹሐን ናቸው ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከእንግዲህ ወረቀት አልቆርጥም ብዬ መዝገቡን እንዳለ ሰጠኋት። ስመኝ ቀስ እያለች እስከ ፊርማዬ አነበበች፣ ገጹን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ፊርማሽ ማኅተም የለውም?» አለችኝ።

የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ማኅተም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ሁሉ ወረቀት ላይ ስመታ እውላለሁ። የዱሮዋ ልጅ ብታየኝ በቅናት ትሞት ነበር። ግን የመሥሪያ ቤት ማኅተም ለእንዲህ ያለው ነገር አይሆንም፤ የራሴ የምለው ደግሞ የለኝም።

የለውም አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና መዝገቡን ወስዳ፣ አያቷ ከረጢቱን ይሰቅሉበት ከነበረው ምሰሶ ሥር አስቀመጠችው።