ኛኮንግና የዓርቡ ቴፕ

ኛኮንግ ካረፈች ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጎረቤቶች ነበርን፤ የሚለየን የሸምበቆ አጥር ነበር፣ እሱንም ልጆቻችን ገና ዳዴ ሲሉ ቀዳደውታል። መሥሪያ ቤታችንም አንድ ነበር። ክልሉ ገና በተቋቋመበት ዘመን፣ ልጆች በየቋንቋቸው ይማሩ ተብሎ የመማሪያ መጽሐፍ ዝግጅት ሲጀመር እኔ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ፤ እሷ ሰርቨሩን እንድትጠብቅ ተቀጠረች።

ያን ጊዜ ሰርቨር ምን እንደሆነ ከእሷ በቀር በቢሮው የሚያውቅ አልነበረም። ለእኛ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ እንደ ፍሪጅ የሚያጉረመርም ግራጫ ሣጥን ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ትቶልን ሄደ። በየኮምፒውተራችን የምንጽፈው ሁሉ በሽቦ እየሄደ እሱ ውስጥ ይጠራቀማል። እሷ ስትሠራበት እንደ እኛ በማውዝ የሚነካካ ነገር አልነበረውም፤ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል፣ አንዲት ብልጭ ድርግም የምትል ምልክት ብቻ። ትእዛዙን በፊደል ትጽፋለች፣ ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ትጫናለች፣ ማሽኑም ሳይጠይቅ ያደርገዋል።

«ላም እንኳ ማጥ ሲገጥማት ትቆማለች» ትል ነበር። «ይሄ አይቆምም። ግባ ካልሽው ይገባል።»

የተወለደችው ኢታንግ አጠገብ ነው። ከዘመዶቿ ግማሾቹ ድንበሩን ተሻግረው በሱዳን በኩል ይኖራሉ፤ ልጅነቷም እዚህና እዚያ አለፈ። ያ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ በተላላኪነት ገብታ፣ የድርጅቱ ኬንያዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ጥያቄዋ ቢበዛበት አጠገቡ አስቀምጦ አስተማራት። ሰውየው አገሩ ሲገባ ሥራውን ለእሷ አስረክቦ ሄደ። ሣጥኑ ወደ እኛ ቢሮ ሲመጣ እሷም አብራ መጣች ማለት ይቻላል።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሰርቨሩ ያለውን ሁሉ ቴፕ ላይ ትገለብጣለች። ቴፑ የዘፈን ካሴት የመሰለ፣ ከእሱ ጠንከርና ወፈር ያለ ነገር ነው። ገልብጣ ስትጨርስ ግን አትነሣም። ከቴፑ ላይ አንድ ትምህርት መርጣ መልሳ ታወጣና ትምህርቱን ያዘጋጀውን መምህር ጠርታ ታስነብበዋለች። «መጻፉን ማሽኑ ነገረኝ፤ መነበቡን ግን አንተ ንገረኝ» ትለዋለች። ከዚያ ቴፑን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ምሳ ዕቃ ውስጥ ከታ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ቢሮው ቢቃጠል ቴፑ ለምን አብሮ ይቃጠላል ባይ ናት።

ዘበኛው በር ላይ ሁልጊዜ ይጠብቃታል።

«ዛሬስ ምን ወጥ ነው፣ ኛኮንግ?»

«የአኙዋክ አንደኛ ክፍል ነው። ትቀምሳለህ?»

«ጨው አለው?»

«መምህሮቹን ጠይቅ። እኔ የማቀርበው የተሰጠኝን ነው።»

እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው አስተርጓሚ ነበረች። ሰባኪው በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ እሷ በኑዌር ቋንቋ ትመልሰዋለች፣ ጉባኤው «አሜን» ይላል። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሰባኪ መንፈሱ ነክቶት ትንፋሽ ሳይወስድ ሲናገር ቆይቶ ወደ እሷ ዞረ አሉ። እሷም በጉባኤው ፊት በእርጋታ፣ «ፓስተር፣ ግማሹ አምልጦኛል። የራሴን ጨምሬ ልሙላው ወይስ ይደግሙልኛል?» አለችው። ሰውየው ስቆ ደገመ። ያልገባትን ብትተረጉም ሕዝቡ ስሕተቷን ይዞ ቤቱ እንደሚገባ ታውቃለች።

ይህንን ልማዷን ወደ ቢሮ ይዛው መጣች። ሰርቨሩ ላይ አንድን ነገር የሚያጠፋ ወይም የሚለውጥ ትእዛዝ ስትጽፍ ብቻዋን ኢንተርን አትጫንም። አጠገቧ ያገኘችውን ሰው፣ እኔንም ሆነ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ትጠራለች። ትእዛዙ ምን እንደሚያደርግ በተራ አማርኛ ትነግረናለች፤ እኛ ደግሞ የገባንን በራሳችን ቃል መልሰን እንነግራታለን። የእሷን ቃል እንደ በቀቀን ብንደግም አትቀበልም። «የራስሽን አምጪ፣ የቤዛ እናት» ትለኛለች። ካልገባን እንደገና ታስረዳለች። ከገባን ብቻ ትጫናለች።

አለቃችን አቶ ረታ ከደጋ የመጣ፣ ሥራ ወዳድ፣ ችኩል ሰው ነው። በዚህ ነገር ይቃጠል ነበር።

«ይሄ ኮምፒውተር ነው ቅዳሴ? አንዱ ይላል፣ አንዱ ይቀበላል!»

«እርስዎም ይቀበሉ፣ አቶ ረታ። ድምፅዎ ያምራል» ትለዋለች።

አንድ ዓመት ክረምት ላይ የአኙዋክና የኑዌር የአንደኛ ክፍል መጻሕፍት ሊያልቁ ተቃረቡ። የኑዌሩን የሚጽፈው መምህር ሉል ነበር፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ከቢሮው በር ጋር በግንባሩ የሚጣላ ሰው። ረቂቁን ይዞ ኢታንግ ወርዶ ለሽማግሌዎች ሲያነብላቸው ሳቁበት። በሬ የተሳለበት ገጽ ነበር። ሥዕሉን የሳለው የቢሯችን ሰው ለማሳመር ብሎ የበሬውን ነጭ ምልክት ከሆዱ ወደ ትከሻው አዛውሮታል። ኑዌር ደግሞ ለእያንዳንዱ የከብት መልክ የራሱ ስም አለው፤ ከሥዕሉ ሥር ያለው ስም የሌላ በሬ ሆኖ ቀረ። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጆቻችንን ይህን ልታስተምር ነው? ከብት እንደማያውቅ ሰው?» አሉት። ሉል አልተቀየመም። ተቀምጦ በሬውን ብቻ ሳይሆን ተረቶቹንም አባባሎቹንም ከእነሱ ጋር አረመ። ተመልሶ ሳምንቱን ሙሉ እኔ እየጻፍኩለት፣ እሱ ከኋላዬ ቆሞ እየተቆጣ፣ እርማቱን አስገባን። የእርማቱን ወረቀት ሚስቱ ከሰል አቀጣጠለችበት። እኛም አላዘንንም፤ ሁሉም ሰርቨሩ ውስጥ ገብቷል።

ዓርብ ጠዋት፣ የዚያ ሳምንት ቴፕ ገና ሳይገለበጥ፣ መብራት ሄደና በኃይል ተመለሰ። ጥግ ያለው ሣጥን ጮኸ፣ ዝም አለ። ኛኮንግ ስታስነሣው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ብዙ ጽሑፍ ወረደ። እስከ መጨረሻው አነበበችና ነገረችን። የአኙዋኩ መጽሐፍ በሙሉ የለም። ከኑዌሩም የተወሰኑ ትምህርቶች ጠፍተዋል። የቀረው የኑዌር መጽሐፍ፣ በሬው ያለበት ገጽ ጭምር፣ እንደታረመ አለ።

መጻሕፍቱን ወደ ማተሚያ ቤት የሚወስደው መኪና ሰኞ ይነሣል። ተራችን ካለፈ ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለን ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ነው፤ ልጆቹ ግማሹን ዓመት ያለ መጽሐፍ ሊማሩ ነው። የኢታንግም መንገድ በውኃ ተቆርጧል። ሽማግሌዎቹን እንደገና ማግኘት የሚታሰብ አልነበረም።

ኛኮንግ ቤቷ ሄዳ ያለፈውን ዓርብ ቴፕ በምሳ ዕቃው አመጣች። መጀመሪያ ቴፑ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፋች፤ እሷ ከተዘጋች ከቴፑ ይነበባል እንጂ ምንም አይጻፍበትም። ከዚያ አስገባችውና ትእዛዙን ጻፈች። አቶ ረታ ከኋላዋ ይንጎራደዳል።

«በይ እንጂ! መብራቱ ሳይሄድ!»

«መምህር ሉል፣ ና» አለች። «ይህ ትእዛዝ ከቴፑ ላይ ሁለቱን መጻሕፍት አውጥቶ በቦታቸው ያስቀምጣል። አሁን አንተ ንገረኝ።»

«ዛሬም?» አለ ረታ። «ወይዘሮ ኛኮንግ፣ በፈጠረሽ! ቤት እየተቃጠለ ነው እኮ!»

«ለዚህ ነው የጠራሁት» አለች፤ ዞራ አላየችውም።

ሉል የዚያን ቀን ቀልድ አልነበረውም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ያለፈው ዓርብ የነበረውን መጽሐፍ ታመጫለሽ» አለ።

«አዎ።»

«በቦታው ታስቀምጫለሽ።»

«አዎ።»

«ቦታው ላይ ግን አሁን ሰው አለ። የእኔ በሬ እዚያ ነው፤ የታረመው። አሮጌው በሬ ሲመጣ እሱ የት ይቆማል?»

ኛኮንግ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አይቆምም» አለች። «አሮጌው ይረግጠዋል። ሁሉንም እርማት ይረግጠዋል።»

አቶ ረታ መንጎራደዱን አቆመ።

የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋች። ከዚያ በሰርቨሩ ውስጥ ምንም የሌለበት አዲስ ቦታ አበጀችና ቴፑን እዚያ እንዲዘረጋ አዘዘችው። ይህንንም ሉል በራሱ ቃል ነገራት፦ «አሮጌውን መንጋ ሌላ በረት ታስገቢያለሽ። ከዚያ የጎደለንን ብቻ እየመረጥሽ ታመጫለሽ።» ራሷን ነቀነቀች፤ ተጫነች። ቴፑ መሽከርከር ጀመረ።

ያን ቀንና ቅዳሜን አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ስታስተያይ ዋለች። የአኙዋኩን መጽሐፍ በሙሉ፣ ከኑዌሩ ደግሞ የጠፉትን ትምህርቶች ብቻ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው አመጣች። ከቴፑ በተመለሱት ትምህርቶች ላይ ያ ሳምንት የገባው እርማት አልነበረም፤ ሉል ዓይኑን ጨፍኖ ያስታወሰውን ያህል ነገረኝ፣ ጻፍኩት። ሁለት ተረቶች ግን እንደ ረቂቃቸው ቀሩ። በሬው ከነስሙ ተረፈ።

ሰኞ መኪናው ከሄደ በኋላ አቶ ረታ ስብሰባ ጠርቶ በሁላችን ፊት አመሰገናት። ባለሙያ ነሽ፣ ቢሮውን አዳንሽ አላት። ኛኮንግ ተነሣች።

«ባለሙያዋ ልታጠፋው ነበር» አለች። «ጣቴ ኢንተር ላይ ነበር። የጻፍኩት ትእዛዝ ትክክል ነበር፣ ማሽኑም ያደርገው ነበር፤ ያሰብኩት ነው የተሳሳተው። ያየው መምህር ሉል ነው።»

«ይሄን አሁን ማን ጠየቀሽ?» አለ ረታ፣ ደንግጦ። «ደህና ወጥቶ የለም እንዴ?»

«ደህና ስለወጣ ነው የምናገረው። ቢጠፋማ ሁላችሁም ታውቁት ነበር። ነገ እኔ ታምሜ ሌላ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ኛኮንግ አትሳሳትም ብሎ እንዳይጀምር።»

እኔ ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ምስጋና እየፈሰሰላቸው እንዲህ ብለው የሚያቋርጡት ግን ከእሷ ሌላ አላጋጠመኝም።

ሉል ከተቀመጠበት ተነሣ። «እንግዲያው መጽሐፉ ላይ የሁለታችንም ስም ይግባ» አለ።

«ይግባ እንጂ!» አለች ኛኮንግ። «ለምን አይገባም? እናቴ ማንበብ ባትችልም ታሳያለች።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ረታም ሳቀና ስማቸውን ለማስጨመር ለማተሚያ ቤቱ ስልክ ደወለ።

መጻሕፍቱ የመጡት ትምህርት ከተጀመረ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ነው። ጥቅሎቹ ከመኪናው ወርደው በረንዳው ላይ ተደረደሩ። ቀለማቸው ገና ይሸት ነበር። ሰዉ እየተሻማ ያገላብጣል፤ ሉል የበሬውን ገጽ ዘርግቶ ለዘበኛው ያሳያል። ኛኮንግ አንድ የአኙዋክ፣ አንድ የኑዌር ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምራ ገጽ በገጽ ትገልጥ ገባች። አንድም ትምህርት ተደግሞ እንዳይሆን፣ አንድም ጎድሎ እንዳይሆን ታያለች።

አቶ ረታ መጥቶ ራሷ ላይ ቆመ። «ስምሽ እኮ መጨረሻ ገጽ ላይ ነው» አላት። «እሱን አታይም?»

«እሱ የትም አይሄድም» አለችና የሚቀጥለውን ገጽ ገለጠች።