ጳጉሜን የሌለበት መዝገብ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። «አባ፣ አንድ መስመር ጽፌ አንዲት ሴት ከመሬቷ ነቀልሁ» ብላቸው ምን ይገባቸዋል? ለእናንተ ለማታውቁኝ ይቀለኝ እንደሆነ ልሞክር።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም ነበር። አንድ ለአምስት የምንደራጅበት፣ ከሥራው ይልቅ ግምገማው የሚፈራበት ዘመን ነው። የመሬት ይዞታ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ይዙር ተባለና ፕሮግራሙን እንድሠራ ተመደብሁ። በመሥሪያ ቤቱ ከእኔ በቀር ነገሩን የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም «ኢንጂነር» ይለኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

በተለይ የምኮራበት አንድ መሣሪያ ነበረኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት አንዲት ትእዛዝ ስጽፍ ፓኬጅ የሚባለውን የፕሮግራሜን ጥቅል እንደ አዲስ ይጭንና የጻፍሁለትን ፈተናዎች በተርታ ይፈትነዋል። ያለፈው በአረንጓዴ፣ የወደቀው በቀይ ይወጣል። የሰው እጅ አይገባበትም። አለቃችን ቆመው ሲያዩት አረንጓዴው ሲደረደር ብቻ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ፈተናዎቹን የጻፍሁት እኔ ነኝ። አንደኛው በጳጉሜን የተጻፈ መዝገብ በደንብ ይገባ እንደሆነ የሚያይ ነበር። የቀን ስሌቱን ከባሕር ማዶ ሰዎች ሥራ ነው የወሰድሁት፤ እነሱ ደግሞ ዓመትን ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ አድርገው ነው የሚያውቁት። ቀይ ወጣ። ፕሮግራሙ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ያለበትን መዝገብ ድምፅ ሳያሰማ ይጥለው ነበር። አየሁት። አላየሁም አልልም።

የፕሮግራሙ ምረቃ በማግሥቱ ነው፤ እንግዶች ከባሕር ዳር ይመጣሉ። ማስተካከሉ ደግሞ ሳምንት ይፈጃል። መሣሪያው ፈተና ዝለል ቢሉት ይዘላል። የጳጉሜኑን ፈተና ዝለል የምትል አንዲት መስመር ጨመርሁና ትእዛዙን ደገምሁት። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። በጳጉሜን ማን የመሬት ሥራ ይሠራል አልሁ ለራሴ። የገበሬ ልጅ አይደለሁም እንዴ? ጳጉሜን ገበሬው ዘሩን ጨርሶ ከቤቱ የሚገኝበት፣ የመሬት ኮሚቴው በየቀበሌው የሚዞርበት መሆኑ ጠፍቶኝ ነበር? አልጠፋኝም። በማግሥቱ ተጨበጨበልኝ፣ የወረቀቱ መዝገብም ታስሮ ዕቃ ቤት ተጣለ።

ብዙም ሳይቆይ እማማ ይታይሽ የሚባሉ ሴት ከገበዝ ማርያም ወዲያ ካለ ቀበሌ መጡ። አጎታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው የጦሩ እሳቸው ናቸው። አጎታቸውም ልጅ ስላልነበራቸው መሬታቸውን በስጦታ አዙረውላቸው ነበር። ሽማግሌው ሲያርፉ ሌላ ዘመድ ተነሣና መሬቱ አልዞረም፣ ለእኔ ይገባል አለ። ኮምፒውተሩን ጠየቅነው። የአጎትየው ስም ብቻ ወጣ።

«ልጄ፣ በሩፋኤል ማግሥት እኮ ነው» አሉኝ። «በዚያ ዝናብ ኮሚቴዎቹ መጥተው ጣቴን አትሜያለሁ።»

ሩፋኤል ጳጉሜን ሦስት ነው። አለቃችን እሳቸው ፊት ወደ እኔ ዞረው ማሽኑ ሊሳሳት ይችል እንደሆነ፣ የወረቀቱን መዝገብ ከዕቃ ቤት ያስወጡ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«አይሳሳትም» አልሁ። «ተፈትሿል።»

ያልሁት እኔ ነኝ። ግምገማውን ፈርቼ፣ ኢንጂነር መባሉ እንዳይቀርብኝ ሳስቼ አልሁ። ወረቀቱ አልወጣም፤ መሬቱ ለዘመድየው ተወሰነ። ውሳኔው ካለፈ በኋላ ስሕተቱን ማንም ሳያውቅ አስተካከልሁና የተጣሉትን መዝገቦች መልሼ አስገባሁ። የእማማ ይታይሽ ስም ከነቀኑ፣ ጳጉሜን አራት፣ ብቅ አለ። ያኔስ ሮጬ ብናገር ምን ነበር? የኮምፒውተሩን መስኮት ዘጋሁት። እስከ ዛሬ ሰዉ በሩፋኤል ዝናብ ሊጠመቅ ሲወጣ እኔ ቤቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥራ ቡሬ ሄድሁ። አንድ የእህል መጋዘን ደጃፍ ባቄላ ከሚለቅሙት ሴቶች መካከል አየኋቸው። ልሸሽ ስል ጠሩኝ።

«እንዴት ዋልህ ልጄ?» አሉ። «አንተን አልቀየምሁም። ሰዉ ሁሉ ሲያሾፍብኝ አንተ ያለውን ነገርኸኝ፤ እግዜር ይስጥህ። አሁን አሁንማ ጣቴን ያተምሁት በሕልሜ ይሆን እላለሁ። እንዲያ ይሆን እንዴ?»

አትመዋል፣ ስምዎን በዓይኔ አይቻለሁ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትሁ።

«ይሆናል እማማ» አልኋቸው።

በዓመቱ ማረፋቸውን ሰማሁ። መሬታቸውን የወሰደው ዘመዳቸው ነው፣ የወሰነውም ሌላ ነው ብዬ ልከራከር እችል ይሆናል። ቡሬ ላይ ግን በገዛ ጣታቸው ያደረጉትን እንዳያምኑ ያደረግኋቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለዚያ ያዘዘኝም ያስፈራራኝም አልነበረም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ምን እንደበደልኋቸው ሳያውቁ፣ እያመሰገኑኝ ሞቱ።