የቡሬው መጋዘን አምስት ዝምተኞች

ረቡዕ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት

ከባሕር ዳር ያስነሳኝ የገዛ ደብዳቤዬ ነው። ቡሬ በሚገኝ የገበሬዎች ዩኒየን የዘር መጋዘን ውስጥ፣ በበቆሎ ጆንያዎች መሃል፣ አምስት ትንንሽ የራዲዮ መሣሪያዎች አስቀምጠን ነበር። ሥራቸው የዘሩን ሙቀት እየለኩ በየግማሽ ሰዓቱ ማሳወቅ ነው። በቆሎ ከውስጥ መሞቅ ከጀመረ ዘርነቱ ያከትማል፤ ገበሬው ይህን የሚያውቀው ግን ዘርቶ ሳይበቅልለት ሲቀር ነው። መሣሪያዎቹ በታኅሣሥ ገብተው በሁለት ወራቸው አንድ በአንድ ዝም አሉ። አልፎ አልፎ ይደርሱ የነበሩት የመጨረሻ መልእክቶቻቸው የባትሪ ድንጋያቸው እያለቀ መሆኑን ይናገሩ ነበር። ዓመት ተኩል መቆየት ያለበት ድንጋይ በሁለት ወር አያልቅም። እኔም ወንበሬ ላይ ተደላድዬ «ድንጋዮቹ በአሮጌ ተለውጠዋል ብዬ እገምታለሁ» ብዬ ጻፍኩና ለዩኒየኑ ላክሁት።

እገምታለሁ የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች መሰለኝ፣ ደብዳቤው ቡሬ ሲደርስ ፍርድ ሆኖ ተነበበ። የመጋዘኑ ኃላፊ ዓርብ ጧት ለግምገማ እንዲቀርቡ፣ «ባለሙያውም ራሱ መጥቶ እንዲያስረዳ» ተወሰነ። ባለሙያው እኔ ነኝ።

ሚኒባሱ ስልሳ ብር ተቀብሎን ከመነኻሪያው ወጣ። መራዊን፣ ዱርቤቴን፣ ዳንግላን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ገባ፤ በመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሯል። ጥሊሊ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ድንች ሊገዛ ወረደ፤ ረዳቱ «የማኅበር ጉዞ መሰላችሁ!» እያለ ቢጮህም ራሱም አንድ ፌስታል ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አገሩ ዝቅ፣ አየሩም ሞቅ እያለ ሄደ። ማሳው ታጭዷል፤ መጋቢት ስለሆነ እዚህም እዚያም የመጀመሪያውን እርሻ የሚገለብጡ በሬዎች ይታያሉ። እኔ ግን ያንን ሁሉ እያየሁ የማስበው ዓርብ የምናገረውን ነበር። ከቢሮ ስነሳ በራሴ እርግጠኛ ነበርኩ። ቡሬ ስገባ ትንሽ ቀነሰልኝ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቡሬ

ከመነኻሪያው ባጃጅ በሦስት ብር ወሰደኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ የዝና በሩ ላይ ጠበቁኝ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ካኪ ጋውን የለበሱ ሴት ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ የዝና ነው የሚላቸው።

«እንደምን ውለዋል? መንገዱ እንዴት ነበረ?» አሉኝ። በእድሜ ልጃቸው ብሆንም እርስዎ ነው ያሉኝ። ደህና ነው አልኩ።

«እንግዲያ ይግቡ። ድንጋይ ሰረቀች የተባልሁት እኔ ነኝ።»

ውስጥ ገብተን ጠረጴዛው ላይ አንድ ፌስታል ዘረገፉልኝ፤ አሥር ያለቁ ድንጋዮች። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ሁለት። «አንድም አልጣልሁም። የሚያውቃቸው ሰው ሲመጣ ያያቸው ብየ» አሉ።

አንዱን አንስቼ ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ቀን ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። በታኅሣሥ ስገጥማቸው እያንዳንዱ ላይ በእጄ ቀኑን ጽፌ ነበር፤ ደብዳቤውን ስጽፍ ግን ፈጽሞ ትዝ አላለኝም። አሥሩንም ገለባበጥኳቸው። አሥሩም የእኔው ነበሩ። እዚያው ቆሜ አፈርኩ።

«ለምን አልደወሉልኝም?» አልኩ።

«ደውየልዎ ነበር። አራት ጊዜ። ሥራ ይዟቸው ይሆናል ብየ ተውሁት።»

ስልኬን አውጥቼ ማየት አላስፈለገኝም። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አስታውሳለሁ። አራቱንም ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ።

«ድንጋዩ እንዳልተለወጠ ዓርብ እመሰክራለሁ» አልኳቸው።

«ይመስክሩ እንጅ። ግን 'በቤቷ ራዲዮ ጨርሳ መለሰችው' ይላሉ። በምን እንዳለቀ ካላመጡልኝ ስሜ አይመለስልኝም። ሃያ ሦስት ዓመት መጋዘን ጠብቄአለሁ፤ አንድ ጆንያ ጎድሎብኝ አያውቅም። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይላሉ፤ እኔ ገና ሳልቀበር ሄደብኝ እኮ።»

ስለ መሣሪያው ጥቂት ላስረዳ። ጉልበቱ ከእጅ ስልክ በብዙ ያነሰ ነው፤ የሚናገረው በሴኮንድ አራት መቶ ሠላሳ ሦስት ሚሊዮን ጊዜ በሚርገበገብ ሞገድ ነው። ሲያወራ አይውልም። ይተኛል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ነቅቶ ሙቀቱን ይናገራል፤ በመጋዘኑ ግቢ ቢሮ ውስጥ ያለው ተቀባይ «ደርሶኛል» ሲለው ተመልሶ ይተኛል። በሁለት ድንጋይ ዓመት ተኩል የሚኖረው በዚህ ቁጥብነቱ ነው። እነ እትዬ የዝና ይህን አንድ ተቀባይና አምስት ተናጋሪ «አንድ ለአምስቱ» ብለው ሰይመውታል፤ ያኔ መንደሩም መሥሪያ ቤቱም በአንድ ለአምስት የተደራጀበት ዘመን ነበርና ስሙ ሳያስቡት ነው የመጣላቸው። «የኛው አንድ ለአምስት ግን ስብሰባ አይቀርም ነበር» ብለው ቀለዱ።

አዲስ ድንጋይ ገጥሜ ሞከርኩ። እያንዳንዳቸው ላይ የተለጠፈችውን የአሉሚኒየም የንብረት ቁጥር እያነበብኩ ደብተሬ ላይ መዘገብኩ፤ ቁጥሮቹ ጥርት ያሉ ስለነበሩ ሥራዬን ያቀለለኝን የንብረት ክፍል በልቤ አመሰገንኩ። መሣሪያዎቹ ነቁ፤ ድምፃቸው ግን ግቢውን ተሻግሮ ቢሮው አይደርስም። ጆንያው እርጥበት ይዞ ይሆናል ብዬ አንዱን አውጥቼ ሜዳ ላይ አስቀመጥኩት። ያው ነው። ተቀባዩን ቀየርኩ። ያው ነው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስባዝን ዋልኩ።

እትዬ የዝና በዚህ መሃል አንድ ረጅም ቀጭን ብረት ጆንያ ውስጥ እየሰደዱ፣ ትንሽ አቆይተው እያወጡ ጉንጫቸው ላይ ያደርጉታል። መሣሪያዎቹ ዝም ካሉ ወዲህ በየጧቱና በየማታው እንዲህ እያደረጉ በደብተር ይጽፋሉ። «ለብ ብሏል»፣ «ደህና ነው»፣ «ይህኛው ይገላበጥ» ይላል ደብተሩ። የእኔ መሣሪያ ሲተኛ ዘሩን የጠበቁት እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን ማታ የቀረበልኝን ተጋቢኖ ግማሹን ትቼ ተነሳሁ።

ሐሙስ ረፋድ፣ ማንኩሳ

ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ማንኩሳም እንዲሁ አምስት መሣሪያዎች አሏት። መጋዘኗ አሮጌ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀድሞ ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው ብለን ስንጠብቅ የነበረው ነው። ስደርስ ግን አምስቱም ይናገራሉ። ድንጋያቸው እንደ አዲስ ነው።

የመጋዘኑ ሠራተኛ ቀልደኛ ጎልማሳ ነው። ደብተሬን አውጥቼ የንብረት ቁጥራቸውን ልመዘግብ ስል መሣሪያዎቹ ላይ ምንም የለም።

«ቁጥራቸውስ?»

«የኛዎቹ ገና አልተጠመቁም» አለ። «የንብረት ክፍሉ ጋሽ ጥጋቡ ልክ እንደተገጠሙ ከቡሬ ጀምረው ነበር፤ እኛ ዘንድ ሳይደርሱ የቁጥሩ ቆርቆሮ አለቀባቸው።»

እስክርቢቶዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ለዚህ ሞገድ የሚስማማው አንቴና አንድ ስንዝር የማይሞላ ሽቦ ነው፤ እኛ እንዳይበጠስ ጠምዝዘን ክዳኑ ሥር ነው ያስተኛነው። ቡሬዎቹ ላይ ያየኋት የአሉሚኒየም የቁጥር ሳህን የተለጠፈችው ደግሞ ልክ ክዳኑ ላይ፣ ለማጣበቅ ከሁሉም ቦታ በሚለሰልሰው ላይ ነው።

«የብረት ነገር ስጠኝ። ምንም ይሁን።»

የመጋዘኑ ዘበኛ የጫማ ቀለም ጣሳ ክዳን አመጣልኝ። አንዱ መሣሪያ ላይ አስቀምጬ እንዲናገር ቁልፉን ተጫንኩ። ተቀባዩ ምንም አልሰማም። የጣሳውን ክዳን አነሳሁ። ሃያ ሦስት ዲግሪ፣ ድንጋይ ሙሉ። መልሼ ጫንኩበት፤ ዝም። አነሳሁ፤ ተናገረ። ዘበኛው ሳቀ፤ እኔ ከእሱ የበለጠ ሳቅኩ። 

የድንጋዩም ነገር ተፈታ። መሣሪያው «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካጣ ተመልሶ አይተኛም። ደግሞ ይጠራል፤ ካልተመለሰለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል። የቡሬዎቹ ሁለት ወር ሙሉ ቀን ከሌት ሲጣሩ ኖረው ነው ድንጋያቸውን የጨረሱት። ማንም አልነካውም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

ጋሽ ጥጋቡን በዩኒየኑ ንብረት ክፍል ቢሯቸው አገኘኋቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ገና በር ላይ እንዳለሁ ነገሩን ነገርኳቸው። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ቁጥር ይነሳ ነው የምትለኝ?»

«ከክዳኑ ላይ ብቻ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ቁጥር የሌለው ንብረት የሌለ ንብረት ነው። ነገ ኦዲተር መጥቶ 'የታል?' ሲለኝ ሞገድ ነው ልበለው?»

እትዬ የዝና ላይ የመጣውን ነገር አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን መልሰው አወለቁ።

«እንዲያ ከሆነ ያቺን ሴት ያስጠረጠርኋት እኔ ነኛ?»

«የለም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። ይህን ስናገር ቀለለኝ። ክዳኑ ላይ ምንም ነገር እንዳይለጠፍ የሚለው ማስጠንቀቂያ ከመሣሪያው ጋር በመጣው የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ አለ። እኔ መመሪያውን እንደ ወረደ አባሪ አድርጌ አስረክቤ ፊርማ ተቀብያለሁ። በአማርኛ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ጋሽ ጥጋቡ መነጽራቸውን በክሩ ይዘው እያወዛወዙ አሰቡ። ከዚያ ዓይናቸው ክሩ ላይ ቆመ።

«ማተብ እናስርለት» አሉ። «ሳህኗን በስተን፣ በክር፣ ከታች እንድትንጠለጠል። ክርስትናው አይፈርስ፣ አፉም አይዘጋ።»

እጃቸውን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ከቢሯቸው ስወጣ መንገድ ዳር ማንጎ ሲሸጥ አየሁና ገዝቼ እዚያው ቆሜ በላሁ። ከረቡዕ ወዲህ ጣዕሙን ያወቅኩት የመጀመሪያው ምግብ ነው።

ዓርብ ጧት፣ ቡሬ

ጋሽ ጥጋቡ በመጀመሪያው መኪና፣ ጉጠትና የክር ጥቅል ይዘው ከእኔ ጋር መጡ። ግምገማው የተጠራው እዚያው መጋዘኑ በረንዳ ላይ ነው። አሥር ያህል ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እትዬ የዝና ጫፍ ላይ፣ ጋውናቸውን አጥበው ለብሰው፣ ፌስታሉን ጭናቸው ላይ ይዘው ነበር።

ሰብሳቢው ደብዳቤዬን ሊያነብ ሲል፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ላንብበው» አልኩ። አነበብኩት። የራስን ስህተት በራስ አፍ፣ በሰው ፊት ማንበብ እንዴት እንደሚመር የሞከረው ያውቀዋል። ከዚያ አሥሩን ድንጋይ ደርድሬ ጽሕፈቴን አሳየሁ። መሣሪያውን አምጥቼ ከነሳህኑ አስጠራሁት፤ ተቀባዩ ዝም። ጋሽ ጥጋቡ በጉጠታቸው ሳህኗን ፈለቀቋት። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ተቀባዩ ጮኸ፣ ሃያ አራት ዲግሪ። ሰዉ ሁሉ ከወንበሩ ተነስቶ ከበበን። አንድ ገበሬ «አንዴ ድገመው» አለኝ። ደገምኩት።

«ደብዳቤዬን አንስቻለሁ» አልኩ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እትዬ የዝና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እትዬ የዝና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ «በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለ። ከዚያ ነጠላቸውን አነሱ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ይቅር ይበለን፣ ይቅር ብያለሁ» አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ «ግን ደብዳቤው የተነበበው ለሦስት መንደር ነው። ይህኛውም ለሦስቱም ይነበብልኝ።»

ተጻፈ፤ ማኅተም ተደረገበት። ከአምስቱም መሣሪያዎች ሥር ቁጥራቸው በክር ተንጠለጠለች። እያንዳንዱ ክዳን ላይ ደግሞ በቀይ እስክርቢቶ፣ በአማርኛ፣ «እዚህ ላይ ምንም አይለጠፍ» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ የዝና ብረታቸውን ወደ ጓዳ አልመለሱትም። «የናንተው ይናገር፤ እኔም ጉንጨን አላሰናብተውም» አሉ። ልክ ነዎት አልኳቸው።

ዓርብ፣ አመሻሹ ላይ፣ ባሕር ዳር

በመልሱ መንገድ ጥሊሊ ላይ እኔም ወርጄ ድንች ገዛሁ። መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ብርዱ አልከበደኝም። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንድ ሰው ከስሙ ጋር እቤቱ ገብቷል።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ስለ ሞገድ አይደለም፤ ብረት ሞገድን እንደሚያፍን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ። የሚጠራን ሰው የሚያደክመው ርቀቱ ሳይሆን «ደርሶኛል» የሚለው ማጣቱ መሆኑን ግን የተረዳሁት ቡሬ ላይ ነው። ይህን ሕግ በመሣሪያዎቹ ውስጥ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። አራት ጊዜ ተደውሎልኝ አላነሳሁም።

ቤቴ ገብቼ ድንቹን ሳላወርድ ስልኬ ጠራ። አሁን ለቁጥሩ ስም ሰጥቼዋለሁ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት።

«በሰላም ገቡ?» አሉ እትዬ የዝና። «አምስቱም ተናግረዋል እኮ። ሰሙልኝ?»

«ገብቻለሁ እትዬ። ደርሶኛል።»