አዴር ስለ ኢንሱሊን ሲያስረዳ

አዴርን፣ የአባቴን ታላቅ ወንድም፣ ከቀበርነው ሦስት ሳምንት ሆነው። እኔ ገና አላለቀስኩም።

ስኳሩ ሲጠናበት ሐኪሙ ኢንሱሊን አዘዘለት። እሱ ግን «ከአሳማ ነው የሚሠራው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አልወጋም» ብሎ እግሩ እስኪቆስል ድረስ እንቢ አለ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝና አጠገቡ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት።

«ድሮ ከአሳማም ይሠራ ነበር። ይሄኛውን የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሳይንቲስቶች የኢንሱሊንን አሠራር የያዘውን የሰው ጂን ባክቴሪያው ውስጥ ይከቱታል፤ ከዚያ ራሱ ያመርታል።»

«የሰው ሙያ አስተምረዋቸው ነዋ!» አለና እንድወጋው ሆዱን ገለጠልኝ።

ከዚያ ወዲህ በቀጠሮው ቀን ሁሉ የሚታከምበት ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ማልዶ ይቀመጥ ነበር። መርፌ የፈራ ሰው ሲያይ ሶማሊኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ አማርኛውን እየቀላቀለ ያስረዳል። «አቦ አትፍራ! ሙያውን ከሰው ነው የተማሩት» ይላል። ሰውየው እሺ ሳይል የራሱ ተራ ቢደርስ እንኳ አይገባም ነበር።

ትናንት ፍሪጅ ውስጥ የቀረውን፣ ያልተከፈተውን ኢንሱሊን ለክሊኒኩ ልሰጥ ሄድኩ። ከአዴር ጋር አይተውኝ የነበሩ፣ ከጀልዴሳ የመጡ ገበሬ አወቁኝ። አጠገባቸው ወንድማቸው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«መርፌውን እንቢ አለኝ። አጎትሽ ይንገረው ብዬ አመጣሁት፤ የታለ?» አሉኝ።

ሞቷል ማለት አቃተኝ።

«ዛሬ አይመጣም» አልኩና ወንድምየው ጎን ተቀምጬ ማስረዳት ጀመርኩ። «አቦ አትፍራ!» ያለው ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።